ስለ ቀንድና ስለ እንጨት ዋንጫ አሠራር

የአዲስ አበባ የገበያ ሠፈሮች በብዛት የሚጠሩት በሚሸጥባቸው ዕቃ ስም ነው። ሸማ የሚሸጥበት ሸማ ተራ፣ በርበሬ የሚሸጥበት በርበሬ ተራ፣ ጭድ የሚራገፍበት ጭድ ተራ ተብሏል። በፒያሳና በመርካቶ መካከል ያለው አትክልት ተራም ስሙን ያገኘው በዚሁ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ነጋዴዎቹ ወደ ጃን ሜዳ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በኋላም ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከቦታው ሲነሣ ስሙ ግን አብሮ አልተነሣም፤ የከተማው ሰው ዛሬም ቦታውን አትክልት ተራ ብሎ ይጠራዋል። ስም ከሸቀጡ ይልቅ ዕድሜው ረዥም መሆኑን ለመረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

ከሩቅ አገርም ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ኮፐርጌት የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ለሚሰማ ሰው የመዳብ ሠራተኞች መንገድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቃሉ የመጣው ቫይኪንጎች ይናገሩት ከነበረው ከጥንቱ የሰሜን ቋንቋ ነውና፣ ትርጓሜው የጽዋ ሠሪዎች መንገድ ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ዋንጫ ሠሪ ተራ እንደ ማለት ይሆናል። ቫይኪንጎች ከተማዋን በ866 እ.ኤ.አ. ይዘው ዮርቪክ ይሏት ነበር። ከ1976 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. የመሬት ውስጥ ምርምር በተደረገ ጊዜ ከመንገዱ ዳር ከእርጥብ አፈር ውስጥ ብዙ የእንጨት ጽዋና ጎድጓዳ ሳሕን፣ ከዚያም በላይ ጽዋው በመዘውር ተፍቆ ሲወጣ ከውስጡ የሚቀረው የእንጨት እምብርት ተገኘ። ስሙ ሲናገረው የኖረውን ነገር ከሺህ ዓመት በኋላ የሥራው ፍርፋሪ አረጋገጠው።

በአማርኛ ዋንጫ የሚለው ቃል የደረሰበት ዕድል ከእነዚህ የቦታ ስሞች ጋራ የሚመሳሰል ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ያለ ወጣት ዋንጫ ሲባል የሚያስበው በእግር ኳስ ውድድር አሸናፊ የሆነ ቡድን የሚቀበለውን የብረት ሽልማት ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዓረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ በስታዲየሙ ከነበሩት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በቀንድ ዋንጫ ጠጥተው ያደጉ ስለ ነበሩ ቃሉ በሁለቱም ትርጓሜው ይሰማቸው ነበር ለማለት ይቻላል። ለልጅ ልጆቻቸው ግን የቀረው ሁለተኛው ብቻ ነው። ጽዋ የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ በወር በወር ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው የጽዋ ማኅበር ስሙን ከዕቃው ወስዶ ዕቃውን ራሱን በሐሳብ ወደ ኋላ አስቀርቶታል።

ስለዚህ ዋንጫ ምን እንደ ነበረ ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ ብቻውን አይበቃም፤ ዕቃው ከምን፣ በምን ብልኃትና በማን እጅ ይሠራ እንደ ነበረ መመልከት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ደጋ የመጠጥ ዕቃ እንደ መጠጡና እንደ ጠጪው ማዕርግ ይለያያል። መጠጡ የሚጠመቅበትና የሚቀመጥበት ጋን፣ እንስራና ገንቦ ከሸክላ ነው፤ የሚጠጣበት ግን በብዛት ሸክላ አልነበረም። ጠላ የሚቀዳው ለሁለት ከተሰነጠቀ ወይም አናቱ ከተቈረጠ ቅል በሚሠራው ሽክናና አንኮላ፣ እንዲሁም በቀንድ ዋንጫ ነበር። ጠጅ በዋንጫም በብርሌም ይጠጣል። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ሆዱ ክብ የሆነ የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ ብርጭቆ ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ ነገር በነበረበት ዘመን ብርሌ የያዘ ሰው በያዘው ዕቃ ብቻ ማዕርጉ ይታወቅ ነበር። በዐፄ ምኒልክ የግብር አደራሽ መኳንንቱ በብርሌ ሲጠጡ ተራው ወታደር በቀንድ ዋንጫ ይጠጣ እንደ ነበረ ግብሩን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። አረቄ በመለኪያ፣ ቡና በሲኒ መጠጣቱ የታወቀ ነው። ቡና በቀንድ ዋንጫ የማይጠጣበት ምክንያት ልማድ ብቻ አይደለም፤ ቀንድ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳልና ትኩስ ነገር የሚቀዳበት የቀንድ ዕቃ ውሎ አድሮ ቅርፁን ያጣል።

ይህ በሙቀት የመለስለስ ጠባይ የዋንጫ ሠሪው ጥበብ ሁሉ መሠረት ነው። የከብት ቀንድ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፤ ከውስጥ ከራስ ቅሉ ጋራ የተያያዘ አጥንት አለ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከጥፍርና ከሰኮና ጋራ አንድ ዓይነት የሆነ ሽፋን እንደ አፎት ተሰክቷል። ከብቱ ከታረደ በኋላ ቀንዱ ወዲያው ለሥራ አይሆንም። በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል ያለው ሥጋ እስኪበሰብስ ድረስ ጥቂት ሳምንት ይቀመጣል፤ ወይም በውሃ ይቀቀላል። ከዚያ በኋላ በእንጨት ላይ ሲመቱት አጥንቱ ተላቆ ይወጣና ባዶው ሽፋን ይቀራል። ሽታው ከባድ ስለ ሆነ ይህ ሥራ የሚሠራው ከመኖሪያ ቤት ራቅ ባለ ቦታ ነው፤ የቀንድ ሠራተኛ በጎረቤቱ ዘንድ የሚናቅበት አንዱ ሰበብ ይኸው ሽታ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የቀንዱ ጫፍ ድፍን ስለ ሆነ ለጽዋ አይሆንም። ተቈርጦ ለቢላዋ እጀታና ለሌላ ጥቃቅን ሥራ ይውላል፤ ትንንሹ ቀንድ ደግሞ ጫፉ ተበስቶ ለዋግምት ያገለግላል። ለዋንጫ የሚመረጠው ከሥሩ በኩል ያለው ሰፊው ክፍል ነው። ይህም ክፍል በተፈጥሮው ፍጹም ክብ አይደለም፤ ጠፍጠፍ ያለና ወደ አንድ ወገን የጎበጠ ነው። ሠሪው ርዝመቱን አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በለጥ አድርጎ በመጋዝ ከቈረጠ በኋላ በፍም ላይ እያገላበጠ ያሞቀዋል። እጅግ የሚያስቸግረው ይህ ክፍል ነው። ሙቀቱ ካነሰ ቀንዱ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ደግሞ ይቃጠላል፣ ይነፋል፣ እንደ ገለባ ተሰባሪ ይሆናል። ልክ ሲደርስ ግን እንደ ወፍራም ቆዳ ይታዘዛል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ የተጠረበ የእንጨት ቅርፅ በውስጡ በኃይል ይገባበታል፤ ቀንዱ በእንጨቱ ላይ ተለጥጦ ሲቀዘቅዝ ክብነቱን ይዞ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው መቀመጫው ነው። ከቀንድ ወይም ከእንጨት አንድ ክብ ገበር ይቈረጣል፤ ስፋቱ ከዋንጫው የታችኛው አፍ በጥቂቱ የሚበልጥ ይሆናል። ዋንጫው ከታች በኩል እንደ ገና ይሞቅና ገበሩ ይገባበታል፤ ቀንዱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ገበሩን አንቆ ይይዘዋል። ሙጫም ምስማርም አያስፈልገውም። ምናልባት የቀረች ቀዳዳ ብትኖር ሰም ይቀባባታል፤ ሰም ከ60 ዲግሪ ሙቀት በላይ ካልሆነ አይቀልጥምና ለጠላና ለጠጅ እንከን የለውም። በመጨረሻ ውጭው በቢላዋ ይፋቃል፣ በሞረድ ይስተካከላል፣ በአመድና በጨርቅ ይታሻል። ግድግዳው እኩል መሳሳቱን ለማወቅ ዋንጫውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ መመልከት ነው፤ ነጣ ያለ ቀንድ ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ወፍራም የቀረበት ቦታ ጠቈር ብሎ ይታያል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቀንድ በማግኘት ረገድ ዕድለኛ ነበረች። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1809 እና በ1810 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴን በጎበኘ ጊዜ ያየው የሳንጋ ቀንድ ርዝመቱ 4 ጫማ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ የሥሩም ዙሪያ 21 ኢንች እንደ ነበረ ጽፏል፤ ይኸውም 1 ሜትር ከ20 ገደማ እና 53 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከእርሱ በፊት ጄምስ ብሩስ እንዲህ ያለው ቀንድ የሚያድገው ከብቱን ከሚይዝ በሽታ የተነሣ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሶልት ግን ጤነኛ በሬዎቹን በዓይኑ አይቶ ይህን ነገር አስተባብሏል። ክርክሩ ለከብት ሐኪሞች ሊተው ይችላል፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን እንዲህ ያሉት ትልልቅ ቀንዶች ሳይቈረጡ እንዳሉ ጠጅ መያዣና ማጓጓዣ ሆነው ያገለግሉ እንደ ነበረ ሶልት መመስከሩ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በክፉ ቀን የከብት በሽታ የአገሩን ላምና በሬ አብዛኛውን በፈጀ ጊዜ፣ ከከብቱ ጋራ ለዋንጫ የሚሆነው ትልቅ ቀንድ መጥፋቱም አይቀርም።

የቫይኪንጎች ነገር እዚህ ላይ ቢነሣ ተገቢ ይሆናል፤ ምክንያቱም በቀንድ የማር መጠጥ መጠጣት በሁለቱ አገሮች ዘንድ የነበረ ልማድ ነው። የሰሜኑ ሰዎች ማርን በውሃ በጥብጠው ጠምቀው የሚያገኙት መጠጥ ከጠጅ የሚለየው በዋናው ነገር ጌሾ የሌለበት በመሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር በሳተን ሁ በ1939 እ.ኤ.አ. በተቈፈረው፣ ቫይኪንጎች ከመነሣታቸው በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተቀበረ ባለ መርከብ መቃብር ውስጥ፣ አውሮክስ ከሚባል የዱር በሬ ቀንድ የተሠሩ ሁለት ታላላቅ መጠጫዎችና ከሜፕል እንጨት የተሠሩ ስድስት ትንንሽ ጠርሙሶች በብር ለብጠው ተገኝተዋል። አውሮክስ የሚባለው በሬ በ1627 እ.ኤ.አ. በፖላንድ አገር ዘሩ ጠፍቷል።

ነገር ግን መመሳሰሉ ከዚህ አያልፍም። የሰሜኑ ሰው ቀንዱን እንዳለ፣ ጫፉን ሳይቈርጥ ነው የሚጠጣበት። እንዲህ ያለው ቀንድ መሬት ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ የያዘው ሰው ወይ ጨርሶ መጠጣት ወይ ለጎረቤቱ ማሳለፍ አለበት። የኢትዮጵያ ዋንጫ ግን ተቈርጦ ገበር የገባለት ስለ ሆነ ይቀመጣል። ልዩነቱ የጠጪዎቹን ሥርዓት ይገልጻል። በኢትዮጵያ ግብር ላይ ጽዋውን የሚያዞሩት ተጋባዦቹ አይደሉም፤ የቆመ አሳላፊ አለ፣ እርሱም ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ከመጠጡ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል። ይህን የሚያደርገው መርዝ አለመኖሩን ለማሳየት ነው። ለዚህ ሥርዓት የሚስማማው አፈ ሰፊ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዕቃ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ከሌላው ተማረ ማለት ከንቱ ድካም ይሆናል፤ ከብትና ማር ያለው ሕዝብ ሁሉ ቀንድን ለመጠጥ ማሰቡ የማይቀር ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ዕቃውን የሚቀርፀው የየአገሩ ገበታ ነው።

የእንጨት ዋንጫ አሠራር ከቀንዱ ጋራ ተቃራኒ ነው። ቀንድ በእሳት ይታዘዛል፣ እንጨት ግን ከእርሱ ላይ በመቀነስ ብቻ ይሠራል፤ የተሳሳተ ምት የሚመለስበት መንገድ የለም። ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚያስፈልገው እንጨት ምን እንደ ሆነ ነው። እንጨት በቁመቱ የተጠቀለሉ የጥቃቅን ቧንቧዎች ጥቅል ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚወጣባቸው እነዚህ ቧንቧዎች ዛፉ ከተቈረጠም በኋላ ፈሳሽ ለማሳለፍ የተዘጋጁ ናቸው። ዋንጫው ቧንቧዎቹ ወደ ላይ እንደ ቆሙ ተጠርቦ እንደ ሆነ ግድግዳው ጠንካራ ይሆናል፤ መጠጡ ግን በመቀመጫው በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ስለዚህ መቀመጫው ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ወፍራም መሆን አለበት። ቧንቧዎቹ የተጋደሙ እንደ ሆነ ደግሞ መቀመጫው ይጠብቃል፣ በሁለቱ ወገን ያለው ግድግዳ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ጥልቀት ላለው ዋንጫ የመጀመሪያው፣ ለገበቴና ለጎድጓዳ ሳሕን ሁለተኛው ይመረጣል። በኮፐርጌት የተገኙት ጽዋዎችና ሳሕኖች በመዘውር ተፍቀው የወጡ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ገጠር የተለመደው ግን በመጥረቢያ ጠርቦ በመሮና በጎባጣ ቢላዋ መቦርቦር ነው። በመዘውር የተሠራ ዕቃ ክብነቱ የማያጠራጥር ይሆናል፤ በእጅ የተቦረቦረው ደግሞ እጀታውን ከአካሉ ጋራ ከአንድ ግንድ ማውጣት ያስችላል፣ ይህም መዘውር የማይሰጠው ነጻነት ነው።

የእንጨቱ ዓይነትም ያለ ምክንያት አይመረጥም። ዋንዛ ለገበቴና ለቤት ዕቃ ሁሉ የሚፈለገው ለመቦርቦር የሚታዘዝ፣ ሲደርቅም ብዙ የማይጣመም ስለ ሆነ ነው። ወይራ ጠንካራና መልከ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለመሮ ያስቸግራል፣ በችኮላ ከደረቀም ይሰነጠቃል። ጥድ በበኩሉ ሽታው ወደ መጠጡ ይገባል። ነገር ግን ሽታ ሁሉ የሚጠላ አይደለም። በአገራችን ባለሞያ ሴት ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ታጥነዋለች፤ ጠላው ከጢሱ ጣዕም ካላገኘ ጠላ አይባልም። በሰሜን አውሮጳም ጠላ መሰል መጠጣቸውን በጥድ ዘመድ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈው የሚያጠሉ ጠማቂዎች አሉ። ልዩነቱ ሽታው በባለሞያዋ ፈቃድ መግባቱና ከዕቃው ያለ ፈቃድ መምጣቱ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ባልደረቀ እንጨት ነው። እርጥብ እንጨት ለስለስ ያለ ስለ ሆነ ጊዜና ጉልበት ይቈጥባል። ግንዱ ግን መጀመሪያ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የመኻሉ እምብርት በዋንጫው ውስጥ መቅረት የለበትም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚኮማተረው መጠን ከመኻል ወደ ልጥ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። እምብርቱ ከነዙሪያው ካለ ይህ ልዩነት መውጫ ስለሚያጣ እንጨቱን ከልጡ ወደ መኻል ይሰነጥቀዋል። እምብርቱ ከወጣ ግን ዋንጫው በጥቂቱ ሞላላ ይሆን እንደ ሆነ ነው እንጂ አይሰነጠቅም። በደረቅ ወራት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሙሉ ግንድ ሁሉ ከልጡ ወደ መኻል ተሰንጥቆ የሚታየው በዚሁ የተነሣ ነው።

ከዚያ በኋላ የውስጡ ይቦረቦራል፤ ግድግዳው ግን አንድ ጣት ያህል ወፍራም ሆኖ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ፀሐይና ነፋስ በማያገኘው ቦታ፣ በራሱ ፍቅፋቂ ወይም በጭድ ተሸፍኖ ጥቂት ሳምንት ይቆያል። ማድረቁን ለማፋጠን በምድጃ አጠገብ ማኖር የጀማሪ ሠራተኛ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ውጩ ደርቆ ሲጠብቅ ውስጡ እርጥብ ስለሚሆን ዕቃው በአንድ ሌሊት ይሰነጠቃል። ሲደርቅ የቀረው ውፍረት ይፋቃል፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ማሰሪያው ሰም ነው። ዋንጫው ሞቅ ተደርጎ የቀለጠ ሰም በውስጡ ይገለበጣል፣ የተረፈው ይደፋል፤ ሰሙ ወደ ቧንቧዎቹ አፍ ገብቶ ሲረጋ መጠጡ መውጫ ያጣል። ቅቤ መቀባት እንጨቱን ያሳምረዋል፣ ነገር ግን ይሻግታል። ጠጅና ሰም ከአንድ ቀፎ የሚወጡ መሆናቸው ለሠሪው የሚመች አጋጣሚ ነው፤ ጠጅ የሚጥል ቤት ሰም አያጣም።

የስካንዲናቪያ ሰዎች ከግንድ ከመቦርቦር ሌላ ሁለተኛ መንገድ ያውቁ ነበር። ቀጫጭን ሳንቃዎችን በዙሪያ አቁሞ በቀለበት በማሰር፣ መቀመጫውንም በውስጥ በተቈፈረ ቦይ ላይ በማስገባት ባልዲና ማንቆርቆሪያ ይሠሩ ነበር። በኖርዌይ በኦሰበርግ በ834 እ.ኤ.አ. የተቀበረው መርከብ በ1904 እ.ኤ.አ. ሲቈፈር እንዲህ ያሉ ባልዲዎች ወጥተውበታል። ይህ ብልኃት በኢትዮጵያ ደጋ አለመለመዱ የእጅ ጥበብ ማነስ ነው ተብሎ ሊተረጐም አይገባም። በኖርዌይ ሸክላ ብዙም አይሠራም ነበር፤ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆን ዕቃ ሁሉ ከእንጨትና ከለስላሳ ድንጋይ መውጣት ነበረበት። እዚህ ግን ለመጥመቂያ ጋን፣ ለመቅጃ ቅል፣ ለመጠጫ ቀንድ ስለ ነበረ እንጨት የሚፈለገው ለቀረው ብቻ ነበር።

ሠሪው ማን ነበር? ጥያቄው ከአሠራሩ ሊነጠል አይችልም። በጉራጌ አገር የእንጨት ሥራ ያለባቸው ፉጋ የሚባሉት ናቸው። ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የቤቱን ምሰሶ ያለ ፉጋ ማቆም አይቻልም ነበር፤ ሆኖም ፉጋ የሌላውን ማሳ ቢያርስ የመሬቱ በረከት ይጠፋል ተብሎ ስለሚፈራ እርሻ ይከለከል ነበር። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ዕደ ጥበበኞች ያዘጋጁት የጥናት ስብስብም ከተገለሉበት መንገዶች ዋነኛው አብሮ መብላትና መጠጣት መሆኑን ያሳያል። የሰው ዕቃ እንዳይነኩ በቅጠል ወይም በተሰበረ ዕቃ ይሰጧቸው ነበር። እንጨቱን ቦርቡሮ የመጠጫ ዕቃ ያወጣ ሰው በዚያው ዕቃ ለመጠጣት አልተፈቀደለትም ማለት ነው።

በሰሜኑም ክፍል ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ጠይብ ተብለው ይናቃሉ፣ ቡዳም ናቸው ተብለው ይፈራሉ። ጌታው በሚጠጣበት ጊዜ አሳላፊው ሸማ ዘርግቶ የሚከልለው ክፉ ዓይን እንዳያርፍበት ነው። ነገሩን ሰብሰብ አድርጎ ለሚመለከት ሰው ሥርዓቱ አስገራሚ ነው፤ መጠጡ የተጠመቀበትን ጋን የሠራች ሴት ዓይን በመጠጡ ላይ እንዳያርፍ በሸማኔ በተሠራ ሸማ ይከለላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኞችን በሥራቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ስድቡን ነቅፎ የሠራተኛውን ጥቅም የሚያመለክት ነበር፤ በገበታ ላይ ያለውን መለያየት ግን አዋጅ በቀላሉ አይደርስበትም።

የከተማው ገበያ ይህን ግንኙነት በሌላ በኩል አፈረሰው። በፋሽስት ወረራ ዘመን የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ወርዶ መርካቶ ከተባለ በኋላ፣ በፋብሪካ የተሠራ የቆርቆሮ፣ የብርጭቆና በኋላም የፕላስቲክ ዕቃ ለሁሉ ሰው በሚደርስ ዋጋ ቀረበ። የሠሪው ማንነት የማይታወቅ ዕቃ ስለ ሆነ ማንም ሰው ሳይጠራጠር ይጠጣበታል። በምናለሽ ተራ የተጣለ የዘይትና የወተት ጣሳ ተቀጥቅጦ መቅጃና መጠጫ ሆነ። ጣሳ ከዋንጫ ስፍራ ከመግባቱም በላይ ምልክት ለመሆን በቃ፤ በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ በደጅ የቆመ ጣሳ ያየ መንገደኛ ቤቱ ጠላ ቤት መሆኑን ያለ ጽሑፍ ይረዳል። ከቀንዱ የቀረው ለክትፎ የሚቀርበው ማንኪያና ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሸጠው ዕቃ ነው።

ለጎብኚ ስለሚሸጠው ዋንጫ አንድ ነገር ሳይባል መቅረት የለበትም፤ ተማሪዎች እርሱን ገዝተው የጥንቱ ዋንጫ ምሳሌ አድርገው ሲያቀርቡት ይታያልና። ይህ ዕቃ በብዛት ለማሳያ የተሠራ ስለ ሆነ ውጩ በቫርኒሽ ያበራል፣ ገበሩ በሙጫ ተጣብቋል፣ ግድግዳው ግን ወፍራም ነው፤ መቅጠን ጊዜ ይፈጃል፣ ገዢውም ወደ ፀሐይ አንሥቶ አያየውም። ለመጠጥ የተሠራውን ለይቶ ለማወቅ ውጩን ማየት አይጠቅምም። ውሃ ሞልቶ በደረቅ ሰሌዳ ላይ ማሳደር፣ በማግስቱም ሰሌዳውን በእጅ መዳሰስ ነው፤ ከዚያም አፉን በጣት መዳበስ፣ ምክንያቱም የሚጠጣበት ዋንጫ ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ ሳስቶ ወደ ውጭ በጥቂቱ የተቀለበሰ ነው። እንዲህ ያለ ጠርዝ የሚወጣው ቀንዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞቅ ብቻ ነው፤ የማይጠጣበትን ዕቃ የሚሠራ ሰው ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ እሳት አያነድለትም።